ከወንበሩ የወረደው መምህር

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ቬኒስ ላይ በታተመ አንድ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የታወቀ ሥዕል አለ። መምህሩ ከሁሉም ከፍ ብሎ በወንበሩ ተሰይሟል። ከሥሩ ጠረጴዛ ላይ አስከሬን ተጋድሟል። ቢላዋ የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ በዘንግ እየጠቆመ የሚያሳየውም ሌላ። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ቆመዋል። ገላውን ሊቀድ የተዘጋጀው ሰው ከሁሉም ዝቅ ያለ ማዕረግ ያለው ነው። የሚያውቀው አይነካም፤ የሚነካው አያስተምርም፤ የሚማረው ደግሞ ሁለቱንም አያደርግም።

የሐኪም ትምህርት ታሪክ ከዚህ ሥዕል ተነሥቶ ሲተረክ፣ መምህሩን ከወንበሩ ለማውረድና ተማሪውን ከተመልካችነት ለማውጣት የተደረገ የ500 ዓመት ትግል ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መምህሩን ወንበሩ ላይ ያወጣው ትዕቢት ብቻ አልነበረም። «ሌክቸር» የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን ፍችውም ማንበብ ነው። በቦሎኛና በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲዎች መምህሩ የጥንቱን ሐኪም የጌለንን መጽሐፍ ያነብባል፣ ያብራራል፤ ተማሪው ይሰማል፣ ይጽፋል። ብራና ዳምጦ፣ ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ አንድ መጽሐፍ ማዘጋጀት ስንት ወር እንደሚፈጅ የእኛ አገር ጸሐፊዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ከሆነ አንዱ ሲያነብ ሌላው ከመስማት በቀር ምን አማራጭ አለው? ሌክቸር የመጽሐፍ እጥረት የወለደው ብልኀት ነበር። ማተሚያ ቤት መጥቶ መጽሐፍ ከረከሰ በኋላ ግን ብልኀቱ ወደ ልማድ ተለወጠ።

በ1537 ገና 23 ዓመት ያልሞላው አንድሪያስ ቬሳሊየስ በፓዱዋ የሰውነት አካል ትምህርትና የቀዶ ጥገና መምህር ሆነ። ይህ ወጣት ከወንበሩ ወርዶ ቢላዋውን በራሱ እጅ ያዘ። ሲቀድና ሲያነጻጽር፣ ከ1,300 ዓመታት በላይ ሳይነካ የኖረው የጌለን ቃል ከአስከሬኑ ጋር አልገጥም አለ። ጌለን የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ነበር፤ ቬሳሊየስ ያገኘው አንድ ነው። ምክንያቱ ኋላ ሲታወቅ ጌለን ሲቀድ የኖረው ጦጣና ሌሎች እንስሳትን ነበር። ቬሳሊየስ ያየውን ጽፎና አሥሎ በ1543 ባዝል ላይ አሳተመ። በዚያ ሁሉ ዘመን በየአዳራሹ የተነበበው ስሕተት ሳይታረም የኖረው አንባቢው ስለማይነካ፣ ሰሚውም ስለማይጠይቅ ነበር።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው በፓዱዋ፣ ጆቫኒ ባቲስታ ዳ ሞንቴ ተማሪዎቹን ወደ ቅዱስ ፍራንሲስ ሆስፒታል ይዞ እየሄደ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ማስተማር ጀመረ። ልማዱ ወደ ኔዘርላንድ ተሻግሮ ላይደን ገባ። በ1714 በዚያ የአልጋ ዳር ትምህርቱን የተረከበው ኸርማን ቡርሃቨ የነበሩት አልጋዎች 12 ብቻ ናቸው፤ ስድስቱ ለወንዶች፣ ስድስቱ ለሴቶች። በእነዚያ 12 አልጋዎች ዙሪያ ከአውሮፓ ማዕዘናት የመጡ ተማሪዎች ተሰበሰቡ። ደቀ መዛሙርቱ ዘዴውን ወደ ቪየናና ወደ ኤደንብራ ይዘውት ሄዱ። ዛሬ ጠዋት ጠዋት በየሆስፒታሉ ነጭ ጋውን ለብሰው «ራውንድ» የሚዞሩ ተማሪዎች የዚያ የ12 አልጋ ክፍል ልጆች ናቸው።

አሜሪካ ግን ሌላ መንገድ ያዘች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የመምህራኑ የግል ንግድ ነበሩ። ተማሪው የሌክቸር ትኬት ይገዛል፤ ገንዘቡ ወደ ፕሮፌሰሩ ኪስ ይገባል። ትምህርቱ ጥቂት ወራት የሚቆዩ ሁለት ወቅቶች ሲሆን፣ በብዙዎቹ ቤቶች ሁለተኛው የመጀመሪያው ድጋሚ ነበር። አንድም ሕመምተኛ በእጁ ሳይዳስስ ሐኪም ተብሎ የሚመረቅ ነበር። ለባለቤቶቹ ሌክቸር ርካሽ ነው፤ አንድ አፍ ለ200 ጆሮ ይበቃልና።

በ1893 ባልቲሞር ላይ የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ይህን ገለበጠ። ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪ ግድ ሆነ፤ ሴቶችም ከወንዶች እኩል ተቀባይነት አገኙ። ዊሊያም ኦስለር በዚያ ተማሪውን የዋርዱ ሠራተኛ አደረገው። ተማሪው የራሱ ሕመምተኞች ተሰጥተውት ታሪካቸውን ይጽፋል፣ ሽንትና ደማቸውን ይመረምራል፣ በየቀኑ ይጠየቅባቸዋል። ዘመኑን ካስደነቁት መማሪያ መጻሕፍት አንዱን የጻፈው ይኸው ሰው፣ በመቃብሩ ላይ እንዲጻፍለት የሚፈልገው ተማሪዎችን በዋርድ ማስተማሩ ብቻ እንደሆነ ተናግሯል።

ከዚያ ፍሌክስነር መጣ። አብርሃም ፍሌክስነር ሐኪም አልነበረም፤ የኬንታኪ ሰው፣ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። በካርኔጊ ፋውንዴሽን ተልኮ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ዞረ። ላቦራቶሪ ተብሎ የተጻፈለትን ክፍል ከፍቶ ባዶ ጠርሙስ ያገኘባቸው፣ ሆስፒታል አለን ብለው አንድ አልጋ የሌላቸው ብዙ ነበሩ። በ1910 ባወጣው ሪፖርት ቁጥራቸው ወደ 31 ዝቅ እንዲል መከረ። ሪፖርቱ ብዙ የማይረቡ ቤቶችን አዘጋ። ጥላም ጥሎ አለፈ፦ ጥቁር ሐኪሞችን ከሚያሠለጥኑት ሰባት ትምህርት ቤቶች ሁለቱ፣ ሃዋርድና ሜሃሪ፣ ብቻ እንዲቀሩ ሐሳብ አቀረበ፤ አምስቱ ተዘጉ።

ፍሌክስነር ተማሪ በመሥራት ይማር ባይ ነበር። ከሪፖርቱ በኋላ የጸናው ሥርዓት ግን የሆነው ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለሳይንስ፣ የኋለኞቹ ሁለት ለሆስፒታል ተባለ። ሳይንሱ በየዓመቱ እየገዘፈ ሲሄድ ሁለቱ ዓመታት በሌክቸር ታጨቁ። በበሩ የተባረረው ሌክቸር በመስኮት ተመልሶ ገባ። ተማሪው ጠዋት ባዮኬሚስትሪ፣ ቀጥሎ ፊዚዮሎጂ፣ ከሰዓት አናቶሚ ይሰማል፤ ማታ ያንኑ ያጠናል፤ ለፈተና ይሸመድዳል። ሺ ቢታለብ ያው በገሌ እንዳለችው ድመት፣ መምህሩ የቱን ያህል ቢያፈስስ ተማሪው የሚወስደው ገሉ የያዘችለትን ያህል ነው።

በእኛ አገር የጤና ትምህርት ታሪክ ከአዳራሽ አልጀመረም ማለት ይቻላል። በ1953 በደንቢያ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጠነው ሐኪም አልነበረም፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነው። ሦስቱ ሲመረቁ አብረው እንዲሠሩ ታስቧልና ገና ተማሪ ሳሉ በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። የጤና መኮንኑ ያክማል፣ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፣ ሳኒታሪያኑ ምንጩንና ሽንት ቤቱን ያያል። ይህ የቡድን ልምምድ ከክፍል ውጭ ያለ ነው፤ ቀጥለን ከምንተርከው የክፍል ውስጥ ዘዴ ይለያል። ሆኖም ባለሙያን በቡድን ማሠልጠን ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ ያስታውሰናል።

በ1969 ካናዳ፣ ሃሚልተን ከተማ፣ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ 20 የሕክምና ተማሪዎችን ተቀበለ። ዲኑ ጆን ኢቫንስ ሲሾም ዕድሜው ገና በሠላሳዎቹ አጋማሽ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ የሌክቸሩን ሥርዓት ከሥሩ ነቀሉት። ተማሪዎቹ በትንንሽ ቡድን ይቀመጣሉ፤ የአንድ ሕመምተኛ ችግር ይቀርብላቸዋል፤ ምን እንደሚያውቁ፣ ምን እንደጎደላቸው ተነጋግረው ይለያሉ፤ ፈልገው አንብበው ይመለሳሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው መምህር መልስ አይሰጥም፤ ይጠይቃል። ይህ በችግር ላይ የተመሠረተ ትምህርት በ1974 ወደ ኔዘርላንድ፣ ማስትሪኽት ተዛመተ።

ተማሪዎቹ ወደዱት። ሒሳቡ ግን ከበደ። ለ20 ተማሪ አራት ቡድን፣ አራት መምህር ይበቃል። ለ120 ተማሪስ? 24 መምህር በአንድ ሰዓት ከየት ይመጣል? ሌክቸር በሌሎች ትምህርት ቤቶች ያልሞተበት ምክንያት ይኸው ነበር።

መፍትሔው ከሕክምና ሰፈር አልመጣም። በ1970ዎቹ ማብቂያ ላሪ ማይክልሰን በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ አመራር ያስተምር ነበር። 40 ተማሪ የነበረው ክፍሉ ወደ 120 አደገ። ሌላው ሰው ቢሆን ውይይቱን ትቶ ማይክራፎን ይይዝ ነበር። እሱ ግን ክፍሉን ሳይከፍል፣ መምህር ሳይጨምር፣ 120ውን በቡድን በቡድን አድርጎ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ማሠራት ጀመረ። በቡድን ላይ የተመሠረተ ትምህርት የሚባለው ዘዴ እዚህ ተወለደ። ሐኪሞች ጆሮ የሰጡት ግን ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

በመካከሉ ሌሎች ነገሮች ሆኑ። በ1983 ጅማ ላይ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ፤ ተማሪዎቹን ከመጀመሪያው አንሥቶ ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር የሚያወጣ፣ በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ትምህርትን መለያው ያደረገ ተቋም ነበር። የተለያየ የጤና ሙያ ተማሪዎች በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው የሚቆዩበት የቡድን ሥልጠናም የዚያው አካል ሆነ። በ1985 ደግሞ ሃርቫርድ በዲኑ ዳንኤል ቶስተሰን መሪነት «አዲሱ መንገድ» ያለውን ሥርዓተ ትምህርት ጀመረና የማክማስተር ሐሳብ የታላላቆቹን ደጅ አንኳኳ።

በ2001 የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር በሰጠው ድጋፍ በሂውስተን የሚገኘው ቤይለር የሕክምና ኮሌጅ የማይክልሰንን ዘዴ ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ማስተዋወቅ ያዘ። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ተማሪው ከክፍል በፊት የተሰጠውን ያነብባል። ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ፈተና ነው፤ ለብቻው ይሠራዋል። ከዚያ ያንኑ ፈተና ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ባለው ቡድኑ ደግሞ ይሠራል። ቡድኑ መልሱን የሚሰጠው እንደ ሞባይል ካርድ በሚፋቅ ወረቀት ላይ ነው፤ ፍቀው ኮከብ ከወጣ ልክ ናቸው፣ ካልወጣ ተከራክረው እንደገና ይፍቃሉ፣ ነጥቡ ግን ይቀንሳል። ጥያቄው ስሕተት ነው የሚል ቡድን ማስረጃ ጠቅሶ በጽሑፍ ይግባኝ ይላል። መምህሩ የሚያብራራው ብዙው ቡድን የሳተውን ብቻ ነው። የቀረው ሰዓት ለዋናው ሥራ ይውላል።

ዋናውን ሥራ በእኛ አገር ምሳሌ እናስበው። መተማ እርሻ ላይ የከረመ የ24 ዓመት የቀን ሠራተኛ ሁለት ወር የቆየ ትኩሳት ይዞት መጥቷል። ከስቷል፤ ጣፊያው አብጧል፤ የደም ሕዋሳቱ ቁጥር ወርዷል። የወባ ምርመራው ነጻ ነው። ከአራቱ የቱን ታስቀድማላችሁ? ሀ፣ የወባ መድኃኒት መጀመር፤ ለ፣ ለታይፎይድ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ወደ ቤቱ መላክ፤ ሐ፣ የካላአዛር የደም ምርመራ ማድረግ፤ መ፣ ለደም ካንሰር ወደ ሪፈራል ሆስፒታል መላክ። ሁሉም ቡድን በአንድ ጥያቄ ላይ ይሠራል፤ ሁሉም አንድ ፊደል ይመርጣል፤ መምህሩ «አሁን!» ሲል ሁሉም ካርዱን በአንድ ጊዜ ያነሣል። አሥሩ ቡድን ሐ፣ ስድስቱ መ ካሉ ክርክሩ በራሱ ይነሣል። የወባ ምርመራው ነጻ ስለሆነ ብቻ ሀ ይቅር? ኤችአይቪ አብሮ ቢኖር ምርመራው ያታልል ይሆን? መ ያሉትስ ሕመምተኛውን ስንት ቀን መንገድ ላይ ሊያሳድሩት ነው? ካርዱ እኩል የሚነሣው አንዱ ቡድን የሌላውን ዐይቶ እንዳይከተል ነው።

በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ያለፈ ሰው ይህን ሲሰማ «አንድ ለአምስት» ትዝ ሊለው ይችላል፤ ወይም አንዱ ሠርቶ አራቱ ስም የሚያስጽፉበት የቡድን ሥራ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በማይክልሰን ቡድን ውስጥ አለቃ አይሾምም። እያንዳንዱ አስቀድሞ ለብቻው ስለሚፈተን ያላነበበ ሰው ይታወቃል። ወደ ቤት ተወስዶ የሚከፋፈል ሥራ የለም፤ ሁሉም ነገር ክፍል ውስጥ ያልቃል። መጨረሻ ላይ አባላቱ ራሳቸው እርስ በርስ ይመዛዘናሉ።

ታዲያ ከሌክቸር በለጠ? የመጀመሪያዎቹ መልሶች ትሑት ነበሩ። በ2004 የወጣ የቤይለር ጥናት ሬዚደንቶችን ለሁለት ከፍሎ አንዱን በተለመደው ሌክቸር፣ ሌላውን በተሳትፎ አስተማረ። በዕውቀት ልዩነት አልታየም። የተሳተፉት በክፍሉ ውስጥ ይበልጥ ነቅተው ነበር፤ ሆኖም ለትምህርቱ የሰጡት ዋጋ ሌክቸር ከሰሙት ያነሰ ሆነ። በ2007 በሩን የከፈተው የሲንጋፖሩ የሕክምና ትምህርት ቤት ዱክ ኤንዩኤስ ግን ሳይጠራጠር በዘዴው ገባበት፤ በአሜሪካው ዱክ የተቀረጹትን ሌክቸሮች ተማሪው ቤቱ ሆኖ እንዲያይ፣ የክፍሉ ሰዓት ለቡድን እንዲሆን አደረገ።

በ2010 የታተመ የኦሃዮው ራይት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይበልጥ የሚናገር ነው። 178 የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች በቡድን ዘዴ በተማሩት ክፍል የፈተና ጥያቄዎች ላይ፣ በሌላ መንገድ ከተማሩት ይልቅ በአማካይ 5.9 በመቶ የተሻለ ውጤት አመጡ። ቁም ነገሩ ግን ከአማካዩ በታች ነው። ከክፍሉ የላይኛው ሩብ የተሻሻለው በ3.8 በመቶ ሲሆን፣ የታችኛው ሩብ በ7.9 በመቶ ነው። ጎበዙ ተማሪ በማናቸውም ዘዴ መንገዱን ያገኛል። ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው፣ ባይገባውም እጁን የማያወጣው፣ ከጓደኛው አፍ ሲሰማ ይገባዋል። እሱም ቢሆን ነገ ሐኪም ይባላል፤ ሰው ያክማል።

በ2012 ኢትዮጵያ በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ከፈተች። በሌላ ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብለው ከተለመደው ባጠረ ጊዜ የሚያሠለጥኑ ነበሩ። የሐኪም እጥረቱ ግልጽ ነውና ቅበላው አደገ። የመምህሩና የአስከሬኑ ቁጥር ግን እንደ ተማሪው አላደገም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚቀናው መንገድ ያው የድሮው ነው፦ ትልቅ አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ሃንድአውት።

በ2014 ከ225 ጥናቶች የተቀመረ አንድ ትንታኔ በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ትምህርት በሌክቸር ከሚማሩት 33.8 በመቶ፣ በተሳትፎ ከሚማሩት 21.8 በመቶ እንደሚወድቁ አሳየ። ትንታኔው የሕክምና ትምህርት ቤቶችን የሚመለከት ባይሆንም ክርክሩን አጋጋለው። በ2016 የቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ከአንድ የቀድሞ ተመራቂው ባገኘው 66 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ እየታገዘ፣ በ2019 ሌክቸርን ጨርሶ ለማስቀረት ማቀዱን ይፋ አደረገ። በዚያው በ2019 ከሃርቫርድ የፊዚክስ ክፍሎች አንድ ጥናት ወጣ። ጥሩ ሌክቸር የሰሙ ተማሪዎች ብዙ የተማሩ መሰላቸው፤ ሲፈተኑ ግን ብዙ የተማሩት ሲታገሉ የዋሉት ሆኑ። ጣፋጭ ንግግር የመረዳት ስሜት ይሰጣል፤ መረዳት ግን ያደክማል። የ2004ቱ ሬዚደንቶች የነቁበትን ክፍል ያጣጣሉትም በዚሁ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ታሪክ ሌክቸር ይሙት አያሰኝም። በመጽሐፍ ያልተጻፈውን፣ አንድ አንጋፋ ሐኪም በ30 ዓመት ሥራው ያየውን ለመስማት አሁንም መቀመጥ ያስፈልጋል። የቡድኑ ዘዴም የራሱ ድካም አለው፦ ተማሪው ሳያነብ ከመጣ፣ መምህሩ ጥያቄውን ሳይበስል ካቀረበው፣ ክፍሉ የወሬ ቤት ይሆናል። ጥሩ የሆነ አንድ ጥያቄ ማዘጋጀት ጥሩ ሌክቸር ከማዘጋጀት ይከብዳል።

የእኔ ፍርድ ግን ይህ ነው። ከቬሳሊየስ እስከ ቬርሞንት የሕክምና ትምህርት ፈቅ ያለው ተማሪው ራሱ ሲነካ፣ ሲወስን፣ ስለ ውሳኔውም ሲጠየቅ ነው። በየዘመኑ ወደ ኋላ የመለሰው ደግሞ የተማሪው መብዛትና የመምህሩ ማነስ ነው። ማይክልሰን ዘዴውን የፈጠረው ልክ በዚህ ችግር ውስጥ ሆኖ ነው፤ አንድ መምህር፣ አንድ አዳራሽ፣ 120 ተማሪ። ይህ ሒሳብ ለአገራችን የሕክምና መምህራን አዲስ አይደለም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት የሁለት ሰዓት ሌክቸር ያለብህ መምህር ሆይ፣ ከሳምንቱ አንዱን ክፍለ ጊዜ ብቻ ሞክረው። ንባቡን ዛሬ ላክ፤ ነገ በአምስት ጥያቄ ጀምር፤ ከዋርድህ አንድ እውነተኛ ኬዝ አውጣና አራት ምርጫ ስጣቸው። ካርቶን ቆርጦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ለመጻፍ በጀት አያስፈልግም።